ስለ ጁካን ሸለቆ ጥፋት የቀረበው የፓርላማ ዘገባ፤ ሂስ

የአውስትራሊያ ፓርላማ የሰሜን አውስትራሊያ ጉዳይ ቋሚ ኮሚቴ በጥቅምት 2021 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) «ወደ ፊት የሚወስድ መንገድ» በሚል ርእስ ያወጣው ዘገባ፣ የነባር ሕዝቦች ቅርስ በልማት ሥራ መካከል እንዴት እንደሚጠበቅ ለሚያጠና ሁሉ ሊነበብ የሚገባው ሰነድ ነው። የዘገባው መነሻ፣ ሪዮ ቲንቶ የተባለው ኩባንያ በምዕራብ አውስትራሊያ፣ በፒልባራ ምድር፣ የብረት ማዕድኑን ሥራ ለማስፋት ሲል በግንቦት 2020 በጁካን ሸለቆ የነበሩትን ሁለት የዋሻ መጠለያዎች በፈንጂ ማፍረሱ ነው። ቦታው የፑቱ ኩንቲ ኩራማና የፒኒኩራ ሕዝብ ርስት ሲሆን፣ ሰው ከ46,000 ዓመት በፊት ጀምሮ ይጠለልበት እንደ ነበረ በቍፋሮ ታውቋል።

የዘገባው ብርቱ ጐን፣ ጥፋቱ ሕግን በመጣስ ሳይሆን በሕግ ፈቃድ እንደ ተፈጸመ ማሳየቱ ነው። በ1972 በወጣው የክፍለ ሀገሩ የቅርስ ሕግ መሠረት ፈቃዱ በ2013 ተሰጠ። በ2014 ግን 4,000 ዓመት ያህል ዕድሜ ያለው፣ ከሰው ጠጕር የተጐነጐነ መቀነት ቍራጭ ተገኘ፤ ምርመራውም ከዛሬዎቹ ባለ ርስቶች ጋር ዝምድና እንዳለው መሰከረ። ይሁን እንጂ ሕጉ ስለ አዲስ ዕውቀት ሲባል ፈቃዱ እንደ ገና የሚታይበት በር አልነበረውም። ኩባንያውም ከአራቱ ዕቅዶቹ ሦስቱ መጠለያዎቹን የማይነኩ ሲሆኑ፣ ይህን ለባለ ርስቶቹ አልገለጠም።

ዘገባው መድኀኒቱን በዋናነት የሚፈልገው ከአዲስ ብሔራዊ ሕግ ነው። ሕግ ብቻውን ጽኑ መሠረት አለመሆኑን ግን ከዚያ ወዲህ የሆነው አሳይቷል። ምዕራብ አውስትራሊያ በ2021 ያወጣችው ሕግ ሐምሌ 1 ቀን 2023 ሥራ ላይ ውሎ፣ በነሐሴ እንደሚሻር ተነገረ፤ በኅዳርም የ1972ቱ ሕግ ተሻሽሎ ተመለሰ። የተሻሻለው ሕግ አዲስ ዕውቀት ሲገኝ ለሚኒስትሩ እንዲነገር ያዝዛል፤ የመጨረሻው ቃል ግን አሁንም የባለ ርስቶቹ ሳይሆን የሚኒስትሩ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ለሕዝብ ጥናት ሊቃውንት የሚከብደው ሌላ ጥያቄ ነው። በጁካን ሸለቆ የመጨረሻው ቍፋሮ የተካሄደው ቦታው እንዲፈርስ ከተፈቀደ በኋላ ነው፤ ሊቁ ዕቃውን አዳነ፣ ዕቃው ትርጕም ያገኘበት ቦታ ግን ጠፋ። ደግሞም ዓለምን ያስደነገጠው የ46,000 ዓመት ቍጥር ነው። የቦታ ክብር በአፈር ውስጥ በሚገኝ ዕድሜ ብቻ ከተለካ፣ አንዳች ዕቃ ያልተቀበረበት፣ በአባቶች ትረካና ሥርዐት ብቻ የተቀደሰ ኮረብታ ወይም ምንጭ ማን ይጠብቀዋል? ዘገባው ባለ ርስቶቹ አስቀድመው፣ በነጻነትና ነገሩን ዐውቀው እንዲፈቅዱ መጠየቁ ለዚህ ትክክለኛው መልስ ነው። እንዲህ ያለው ፈቃድ እምቢ የማለትን መብት ካልያዘ ግን ፈቃድ ሊባል አይችልም።