የልጆች ጾም

ፍልሰታን የምወደው በልጆቹ ነው። ከነሐሴ 1 ቀን ጀምሮ ለ15 ቀን የሚጾመው ይህ ጾም፣ ከሰባቱ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ የአዋጅ አጽዋማት አንዱ ቢሆንም፣ በየሰፈሩ የሚታወቀው የልጆች ጾም ተብሎ ነው። ሁዳዴ ለትንሽ ሆድ ይረዝማል። ፍልሰታ ግን ትምህርት ቤት ተዘግቶ በክረምቱ ስለሚውል፣ ሰባት ዓመት የሞላው ሁሉ «እኔም እጾማለሁ» ይላል።

የሚያስገድደው የለም። እንዲያውም እናቱ «አንተ ገና ነህ፣ ብላ» ስትለው የሚያኮርፈው እሱ ነው። ጠዋት የውዳሴ ማርያም ትርጓሜ ሲሰጥ ጋቢ ተከናንቦ ከአያቱ ጎን ይቀመጣል፤ ግማሹ ባይገባውም ግድ የለም። ቆርቦ አፉን በነጠላው ሸፍኖ የወጣ ልጅ፣ ቢያንስ በዚያች ቀን መሳደብም መደባደብም ይፈራል።

እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ወጥ ቤቱ ነው። ቆሎው ተቆልቶ በሰፌድ ተቀምጧል፤ እናት ጓሮ ናት፤ የሚያይ የለም። ልጁ ያልፈዋል። አንዳንዴም አያልፈውም! ያን ጊዜ አይታ እንዳላየች የምትሆን እናት ብልህ ናት። ነገ ራሱ ዕዳውን ሊከፍል ይነሣል። ቁጣ ያላስተማረውን ራስን መግዛት በገዛ ፈቃዱ ሲለማመደው ስለማይ፣ ይህን ጾም ከብዙ ተግሣጽ አስበልጠዋለሁ።

ነሐሴ 13 ቡሄ ነው። ማታ ሆያ ሆዬ ብለው ካገኙት የተረፈውን ሙልሙል ታቅፈው የቅዳሴውን መውጫ የሚጠብቁት ትንንሾች፣ በየመካከሉ «ስንት ሰዓት ሆነ?» ማለታቸው አይቀርም።