ጨዋታውስ ጣፈጠ፣ ምስክሩ የታለ?

«ዘ ሬስት ኢዝ ሂስትሪ»ን ማድመጥ የጀመርኩት ዕቃ ሳጥብ ነው። ዕቃው አልቆ እጄ ከደረቀ በኋላም ቆሜ እሰማ ነበር፤ ለአንድ የታሪክ ፖድካስት ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና የለኝም።

እንግሊዛውያኑ ቶም ሆላንድና ዶሚኒክ ሳንድብሩክ በ2020 እ.ኤ.አ. የጀመሩት ይህ ዝግጅት ጉልበቱ ወዳጅነታቸው ነው። ሆላንድ ስለ ጥንቷ ሮምና ፋርስ፣ ሳንድብሩክ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ስላለችው ብሪታኒያ የጻፉ ናቸው። አንዱ ሲተርክ ሌላው ይነካካዋል፣ ያሾፍበታል፣ አድማጭ ሊጠይቅ ያሰበውን ቀድሞ ይጠይቅለታል። ታይታኒክን ወይም የፈረንሳይን አብዮት በብዙ ክፍል ሲዘረጉ «አሳጥሩት» የሚል የለባቸውም። ትምህርት ቤት ዓመተ ምሕረት እየቆጠርን የሸመደድነው ታሪክ እዚህ ሰው ሰው ይሸታል።

ጉድለቱም ከዚያው ከወዳጅነቱ ይመጣል። ወዳጅ በወዳጁ ይቀልዳል እንጂ አያፋጥጠውም። የአዝቴኮችን ውድቀት የተረኩበትን ተከታታይ እንይ። በ1519 እ.ኤ.አ. ስለተጀመረው የስፔናውያን ዘመቻ ከምናውቀው ብዙው የመጣው መሪያቸው ኤርናን ኮርቴስ ለንጉሡ ከላካቸው ደብዳቤዎች ነው። ሰውዬው የኩባን ገዥ ትእዛዝ ጥሶ የዘመተ በመሆኑ፣ ደብዳቤው ዘገባም የተከሳሽ መልስም ነው። የአዝቴኮቹ ንጉሥ ሞክቴዙማ ግዛቱን በገዛ አንደበቱ አስረከበ የሚለው ዝነኛ ትረካ የሚነሳው ከዚሁ ነው። አብሮት የዘመተው ወታደር ቤርናል ዲያዝም ቢሆን ያየውን የጻፈው አሥርት ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ በእርጅናው ነው። መጽሐፍ ይህን ሁሉ በግርጌ ማስታወሻ ይይዝልን ነበር። ጆሮ ግን ግርጌ የለውም፤ ምንጩ አንዴ ተጠቅሶ ካለፈ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የኮርቴስ ቃልና የተራኪው ግምት በአንድ ድምፅ ይመጣሉ። የሚገርመው፣ ሆላንድ የጥንቱን ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶተስን ወደ እንግሊዝኛ የመለሰ ሰው ነው፤ ያ ግሪካዊ ደግሞ የሰማውን ከነነጋሪው አስቀምጦ፣ ያልተዋጠለት እንደሆነ አለማመኑን መናገር ያውቅበታል።

በዚህ በኩል የቢቢሲ ራዲዮ 4 «ኢን አወር ታይም» ይሻለኛል። ሜልቪን ብራግ ከ1998 እስከ 2025 እ.ኤ.አ. ሦስት ሦስት ምሁራን እያስቀመጠ ሲያፋጥጥ ኖሯል፤ የእኛን በላ ልበልሃ ያስታውሰኛል። ይሁንና የብዙ መቶ ዓመታት መንግሥት በ45 ደቂቃ ገደማ ማለቅ ስላለበት፣ ምሁሩ ገና ሲሞቅለት ወደ ሌላው ይታለፋል። ዕቃ እያጠቡ ለመስማትም አይመችም፤ ሳህን ተንኳኩቶ አንድ ስም ካመለጠ ክሩ ጠፋ።

ከሁለቱ ወዳጆች የምሻው አንድ ነው። በየተከታታዩ መጨረሻ አንድ ክፍል ለማይስማማቸው ባለሙያ ይልቀቁ። ከአዝቴኮቹ በኋላ፣ የተሸናፊዎቹ ትውስታ የተጻፈበትን የናዋትል ቋንቋ የሚያነብ ሰው አጠገባቸው ያስቀምጡና እየሰማን ይሟገታቸው።