ወደ ደሴት ስለሚወሰድ ሲኒማ

በእንግሊዝ አገር በ1942 በፈረንጅ አቈጣጠር የተጀመረ አንድ የራዲዮ ጨዋታ አለ። እንግዳው በሐሳቡ ሰው ወደሌለበት ደሴት ይጣላል፤ ከዚያም ይዞ የሚሄደውን ስምንት የሸክላ ዘፈን፥ አንድ መጽሐፍና አንድ የሚደሰትበት ዕቃ እንዲመርጥ ይጠየቃል። መጽሐፍ ቅዱስና የሼክስፒር ድርሰት ሳይጠይቅ ይሰጠዋል። ይህን ያሰበው ሮይ ፕሎምሊ የሚባል ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ ሰዎች በየአገሩ ስለ መጽሐፍም ስለ ሲኒማም እንዲሁ እየተጠያየቁ ይጫወታሉ።

ነገሩን እኔ ዘንድ ያመጣው በአማኑኤል ከተማ የሚያስተምር አንድ ወጣት ነው። ልጅ ሳለ ጥቂት ጊዜ ከእኔ ዘንድ ቅኔ ስለ ቈጠረ ዛሬም የኔታ ይለኛል። በነሐሴ ወር፥ ዝናሙ ከጮቄ በኩል እየወረደ መንገዱን ባጨቀየው ቀን፥ ከምድጃ ዳር ተቀምጠን ሳለ «የኔታ፥ ወደ ደሴት ቢሄዱ የትኞቹን ስምንት ሲኒማዎች ይዘው ይሄዱ ነበር?» አለኝ። እኔም ሣቅሁና «ልጄ፥ በኛ አገር ደሴት ማለት ዳጋና ክብራን፥ ጣና ቂርቆስም ነው። ወደዚያ የሚሄድ ሰው የያዘውን ሊጥል ይሄዳል እንጂ ሊሸከም አይሄድም» አልሁት። እርሱ ግን አልተወኝም። «ጥለው የሚሄዱ ከሆነማ ምርጫው ይብሳል፤ መጨረሻ የሚጥሉት የትኛውን ነው?» አለኝ።

ከሄደ በኋላ ጥያቄው ከልቤ አልወጣም። ስምንት የሚለው ቍጥር ለቅኔ ሰው እንግዳ አይደለም፤ መወድስ ስምንት ቤት ነውና። ነገር ግን ስምንት የተፈቀደለት ሰው መምረጥ አያስፈልገውም፤ አንዱን ለወዳጁ፥ አንዱን ለአገሩ፥ አንዱን ለይሉኝታ እያለ ሁሉንም ደስ አሰኝቶ ይሄዳል። ጉባኤ ቃና የሚቀኝ ሰው ግን ሁለት ቤት ብቻ አለውና የሚደበቅበት የለውም። እንግዲህ እኔም የራሴን ምርጫ በጉባኤ ቃና ልክ ቈረጥሁት፤ ሁለት ብቻ።

ከካህናት ወገን «ይህ ሰው ስለ ሰይጣን ቤት ምን አገባው?» የሚለኝ አይጠፋም። በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ ያለውን የጥንት ሲኒማ ቤት የከተማው ሰው ሰይጣን ቤት ብሎ እንደ ጠራው የታወቀ ነው። ጥላ በግድግዳ ላይ ሲሄድና ሲሣቅ ያየ ሰው እንዲህ ቢል አልፈርድበትም። ዛሬ ግን ሰይጣን ቤቱ በየልጁ ኪስ ውስጥ ስላለ፥ አይቶ መለየት እንጂ ዐይን መጨፈን የሚጠቅም አይመስለኝም።

በመጀመሪያ የመምረጫውን ሚዛን ልናገር። በቅኔ ቤት ተማሪ የነበረ ሰው ሀብቱ አኩፋዳና ደበሎ ብቻ ነበር፤ ከአንዱ ጉባኤ ወደ ሌላው ሲሻገር የሚሸከመው በልቡ የያዘውን ነው። ቅኔም በየበዓሉ አዲስ ይቀኛል እንጂ የትናንቱ አይደገምም። አንድ ጊዜ ብቻ ተሰምቶ ይቀራል፤ ሆኖም መልካሙ ከአፍ ወደ አፍ እየተላለፈ ባለቤቱ ከሞተ በኋላ እንኳ ይኖራል። ሲኒማ የዚህ ተቃራኒ ነው። ሺህ ጊዜ ቢደገም አንዲት ቃል አይለወጥበትም፤ ነገር ግን አብዛኛው በመጀመሪያው ቀን ይሞታል። ሠሙ ሲቀልጥ በቅርጹ ውስጥ የቀረ ወርቅ አለን? ሚዛኔ ይህ ነው። ለደሴት የሚሆነው ሥራ ታሪኩን ካወቅን በኋላ የሚጀምር ሥራ ነው።

በዚህ ሚዛን ባለፉት ሃያ ዓመታት በከተማ ከተሠሩት የፍቅርና የቀልድ ሲኒማዎች የሚበዙት ይወድቃሉ። ሀብታሙ ልጅ ድኻ መስሎ ይቀርባል፤ ልጅቱ ታታለላለች፥ ትቈጣለች፥ ትታረቃለች። ገጠር ከታየም ለመሣቂያ ነው፤ ባላገሩ አፉን ከፍቶ ፎቅ ሲያይ። ይህን የሚሠሩት ሰዎች እንጀራቸው ነውና አልነቅፋቸውም፤ በደሴት ግን ሁለተኛ ቀን አይሣቅበትም።

በአክብሮት የምተዋቸውም አሉ። ላምብሮስ ጆካሪስ የሚባል ግሪካዊ ያዘጋጃት ሂሩት አባቷ ማነው የተባለችው ሥራ በ1957 ዓ.ም. የታየች የመጀመሪያዋ የአገራችን ረዥም ሲኒማ ናት ይባላል። በ1966 ዓ.ም. ሚሼል ፓፓታኪስ ያዘጋጀው ጉማም የደም ካሣን ወግ ስላሳየ ስሙ ዛሬ ለሲኒማ ሽልማት መጠሪያ ሆኗል። እነዚህን ማክበር ግዴታ ነው፤ ማክበርና መናፈቅ ግን ልዩ ልዩ ነገር ነው።

ድፍረት የተባለው የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ሥራ ስሙ ብቻ ለቅኔ ሰው ግብዣ ነው። አንዱ ቃል ጀግንነትንም የሴት ልጅን መደፈርንም ይናገራልና፤ በኛ ቤት ይህ ኅብር ይባላል። በ1996 በፈረንጅ አቈጣጠር የተጠለፈች ልጅ ጠላፊዋን ገድላ የተከሰሰችበትንና ጠበቃዋ መዓዛ አሸናፊ የተሟገተችበትን እውነተኛ ነገር ይዞ የተነሣ ነው። በ2014 በአሜሪካ በሰንዳንስ የተመልካቾችን ሽልማት አገኘ፤ በዚያው ዓመት በአዲስ አበባ ሊታይ ሰው ከተሰበሰበ በኋላ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ። ስለ ጠለፋ «ወግ ነው» የሚል አባት ሁሉ አንድ ጊዜ ሊያየው ይገባል እላለሁ። ነገር ግን የክርክር ሥራ ነው፤ ዳኛ በሌለበት ደሴት ለማን እንከራከራለን?

የያሬድ ዘለቀን በግ ግን ስተወው ልቤ አዘነ። በ2015 በፈረንሳይ በካን ከተማ ጉባኤ በይፋ ከተመረጡት መካከል የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሲኒማ ይህ ነው። እናቱ የሞተችበት ኤፍሬም የሚባል ልጅ ከዘመድ ቤት ይጣላል፤ ከበጉ ከቹኒ በቀር ወዳጅ የለውም፤ አጎቱም በጉን ለበዓል ሊያርደው ያስባል። ልጁ ወጥ መሥራት ይወዳልና አጎቱ «ይህ የሴት ሥራ ነው» እያለ ይቈጣዋል። እዚህ ላይ ሳልሣቅ አልቀረሁም። እኛ በቅኔ ቤት ለምነን ያመጣነውን ቈሎ ቈልተን፥ ንፍሮ ቀቅለን ያደግን ወንዶች ነን፤ ወንድነታችንን የጠረጠረ ሰው አልነበረም። ሥራው ጣፋጭ ነው፤ ተራራውም ያምራል። ምናልባት ማማሩ ነው የከለከለኝ፤ ድህነቱ ሳይቀር ታጥቦ የተሰጣ ይመስላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስሁ። ከወጣቱ መምህር ጋር የተጣላንበትም ይህ ነው።

ኃይሌ ገሪማ የጎንደር ሰው ነው፤ አባቱ ገሪማ ታፈረም ጸሐፊ ነበሩ። በአሜሪካ ተምሮ በዚያው በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ብዙ ዘመን አስተምሯል። ከሥራዎቹ ሁለቱ እዚህ ይቀርባሉ። ጤዛ በ2008 በፈረንጅ አቈጣጠር በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የድርሰትን ሽልማት፥ በማግሥቱ ዓመት በዋጋዱጉ የአፍሪካን ታላቅ ሽልማት አገኘ። ወጣቱ «የኔታ፥ ይህ ሳይያዝ ደሴት አይገባም» ብሎ ተከራከረኝ።

አንበርብር የሚባለው ሐኪም በጀርመን ተምሮ፥ በአብዮቱ ዘመን መከራ አይቶ፥ አንድ እግሩን አጥቶ በጣና አጠገብ ወዳለች መንደሩ ይመለሳል። መንደሩ ግን ልጆቹን ለጦርነት ከሚያፍሱበት ሰዎች በዋሻ ይሸሽጋል። ስሙ መልካም ስም ነው፤ ጤዛ ፀሐይ እስኪወጣ ብቻ የሚኖር ነውና የዚያን ትውልድ ዕድሜ በአንድ ቃል ተናገረ። እናቱን ያየ ሰው አይረሳትም። ልጇን ወደ ጠበል በምትወስድበት ስፍራ በመጀመሪያ ተከፋሁ፤ ካህናቱን ሊያላግጥባቸው ነው ብዬ። ሁለተኛ ሳየው ግን የእናትየዋን ጭንቀት እንጂ ማላገጥን አላገኘሁበትም። እንግዲህ አንድ ጊዜ አይቼ ብጽፍ ኖሮ በደለኛ እሆን ነበር።

ታዲያ ለምን ተውሁት? ብዙ ስለሚናገር ነው። በጀርመን ያሉት ተማሪዎች ሲከራከሩ፥ ሰዎቹ ሐሳባቸውን ሁሉ ሲያስረዱ፥ ደራሲው ሠሙን ሳያቀልጥ ወርቁን በእጁ ያሳየናል። የሚለው እውነት ነው፤ ነገር ግን የተነገረን እውነት አንድ ጊዜ ሰምተን እንይዘዋለን፤ ያልተነገረን ግን ተመልሰን እንድንፈልገው ያደርገናል።

ምርት ሦስት ሺህ ዓመት እንዲህ አይደለም። ኃይሌ ይህን የሠራው ገና ተማሪ ሳለ፥ በ1974 በፈረንጅ አቈጣጠር፥ የዘውዱ መንግሥት በሚፈርስበት ወራት ወደ አገሩ መጥቶ ነው። ሥራውን በሁለት ሳምንት ገደማ ቀረጸው፤ ቀለም የለውም፤ የሚበዙት ተዋንያንም ቲያትር ያልተማሩ ሰዎች ናቸው። ርዝመቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። አንድ የጭሰኛ ቤተ ሰብ ጎሕ ሲቀድ ይነሣል፤ ያርሳል፥ ይጠብቃል፥ ይሸከማል። ባለ መሬቱ በወንበሩ ተቀምጦ ይሳደባል። ከብት ጠባቂዋ ልጅ ላሟን ለማዳን ስትል ደራሽ ውሃ ይወስዳታል። መሬቱን የተነጠቀው፥ ሰው እብድ የሚለው ከበበ በመጨረሻ ባለ መሬቱን በዱላ ደብድቦ ይገድለዋል። ታሪኩ ይኸው ነው፤ በአራት መስመር አለቀ። የሚያስደንቀው ግን ቀኑ የቀን ያህል መርዘሙ ነው። በሬ እንደሚሄድ ይሄዳል። የከተማ ሰው እንቅልፍ ይወስደዋል፤ ሞፈር የያዘ ሰው ግን እጁ ይነቃል።

ልጅቱ በሕልሟ ወላጆቿ እንደ በሬ ተጠምደው የምታይበት ስፍራ አለ። ማንም ምንም አያስረዳም። ስለ ስሙም እንዲሁ ነው። ሦስት ሺህ ዓመት የሚለው ቃል በአፋችን የክብር ቍጥር ነው፤ የነገሥታቱን ዘር ስንቈጥር የምንለው ነውና። ደራሲው ከጎኑ ምርት የሚል አንድ ቃል ቢያስቀምጥ የክብሩ ቍጥር የመከር ቍጥር ሆነ፤ የሦስት ሺህ ዓመት እህል በማን ጎተራ ገባ? ይህን በአንድ ርዕስ ያስገባ ሰው ቅኔ ቤት ባይውልም ተቀኝቷል።

በዚህ ላይ ሁለት ነገር ሳልሸሽግ ልናገር። አንደኛ፥ የጎጃም ገበሬ በርስቱ ይኖር ነበርና እንደዚያ ያለ ጭሰኛ የሚበዛው በደቡብ ነበር፤ የኛ ሰው ሲኒማውን አይቶ «ይህ የኔ አይደለም» ቢል ሐሰት አይሆንም። ነገር ግን ያ ባለ ርስት ገበሬ በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት ሲነሣ የፈራው ምን ነበር? ርስቱ ነገ ከእጁ እንዳይወጣ፥ እርሱም በወንበር ለተቀመጠ ሰው እንዳይገዛ አይደለምን? ሁለተኛውም፥ በወንበር የተቀመጠው ሁልጊዜ ምእመን ብቻ አልነበረም፤ ከኛም ወገን ባለ ጉልት ነበረ። የመሬቱ አዋጅ በ1967 ዓ.ም. ሲወጣ ከካህናት ያዘነም ከካህናት የተደሰተም ነበር፤ ሁለቱም ምክንያት ነበራቸው። ይህን ሲኒማ ባየሁ ቍጥር ከሁለቱ ከየትኛው ጋር እንደምቆም አላውቅም። ስለዚህ ለደሴት ይሆነኛል።

ሁለተኛው ቤት የባዕድ አገር ሥራ ሆነብኝ፤ ወጣቱም በዚህ ተቀየመ። የሩሲያው ታርኮቭስኪ በ1966 በፈረንጅ አቈጣጠር የሠራው አንድሬይ ሩብሊዮቭ ነው። ሩብሊዮቭ በአሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት የነበረ መነኵሴና ሥዕል ሣይ ነው። ታታሮችና የገዛ አገሩ መስፍን አንድ ሆነው ቤተ ክርስቲያን ሲያቃጥሉ አይቶ፥ ራሱም ሰው ገድሎ፥ ከመሣልም ከመናገርም ተወ። መንግሥታቸው ሥራውን እስከ 1971 ድረስ በአገሩ በይፋ እንዳይታይ ይዞት ነበር።

እኔን የያዘኝ መጨረሻው የደወሉ ታሪክ ነው። ደወል ሠሪዎቹ በበሽታ አልቀዋል። ቦሪስካ የሚባል ልጅ «አባቴ ሲሞት ምሥጢሩን ነግሮኛል» ብሎ ታላቁን ደወል ለመሥራት ይነሣል። ጭቃ ይፈልጋል፥ ሽማግሌዎችን ያዛል፥ ይሳደባል፥ ሌሊት አይተኛም። ደወሉ በመስፍኑና በባዕድ መልእክተኞች ፊት ይደወላል፤ ያስተጋባል። ልጁ ግን ከጭቃው ላይ ወድቆ ያለቅሳል፤ አባቱ ምንም አልነገረውምና። ያን ጊዜ ዝም ያለው መነኵሴ አቅፎት አፉን ከፈተ፤ አንተ ደወል ትሠራለህ እኔም እሥላለሁ አለው።

ወጣቱ ከእንግሊዝኛው ጽሕፈት እየተረጐመልኝ ነበር የማየው፤ እዚህ ላይ ሲደርስ «ዝም በል» አልሁት። እኔም ከመምህሬ ሞት በኋላ ወንበር ስይዝ ተማሪዎች «ይህን መንገድ የኔታ እንዴት ያዩት ነበር?» እያሉ ሲጠይቁኝ፥ ካልሰማሁት ነገር ላይ እንደ ሰማሁ ሆኜ መልሼላቸዋለሁ። አንዳንዱ መልስ ያምር ነበር። ዛሬ የመምህሬ ነው እየተባለ በሌላ ጉባኤ ሲነገር ሰምቻለሁ።

ወጣቱ ክርክሩን በፈተና ሊጨርስ ፈለገ። «በቅኔ ቤት ልብ የያዘው ብቻ ነው ካሉ፥ እስቲ ሁለቱን በቃልዎ ይንገሩኝ» አለ። ምርትን ከንጋቱ እስከ ዱላው ነገርሁት፤ አንድም አላቃናኝም። ሩብሊዮቭንም ጀመርሁ፤ ደወሉን፥ ልቅሶውን፥ ከዚያም ቀለም የሌለው ሥራ ድንገት በቀለም ሲበራ የሚታዩትን ሥዕሎች፥ በመጨረሻም በወንዝ ዳር በዝናም ውስጥ ዝም ብለው የቆሙትን በሬዎች።

«የኔታ፥ በሬዎች አይደሉም» አለኝ። ስልኩን አወጣና ከፍቶ አሳየኝ። ፈረሶች ነበሩ።