ሦስት የሕክምና ስያሜዎች በሒስ ሚዛን

የሙያ ቃላት ስሕተት ብዙውን ጊዜ ከመዝገብ አልፎ አይሄድም። በሕክምና ስያሜ ላይ የሚፈጸመው ግን ወደ ሕመምተኛው ይሻገራል። ይህን ለማሳየት ከውልደት ጀምሮ በሚታይ የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ ዙሪያ የተለመዱ ሦስት ስያሜዎችን እንመረምራለን።

ታይሮይድ በአንገት ፊት ለፊት የሚገኝ ዕጢ ነው። ሆርሞኑ ሰውነት ኃይል የሚጠቀምበትን ፍጥነት ይቆጣጠራል፤ በሕፃንነትም ለአንጎል ዕድገት የግድ ያስፈልጋል። ተርጓሚያን «የእንቅርት ዕጢ» ሲሉት ምክንያት አላቸው፤ ሕዝቡ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» እያለ የሚተርተው ቃሉን አሳምሮ ስለሚያውቀው ነው። ሆኖም እንቅርት የዕጢው እብጠት እንጂ የዕጢው ስም አይደለም። ከዚህም በላይ፣ ሕመሙ ይዟቸው ከሚወለዱ ሕፃናት በብዙዎቹ ዕጢው ጨርሶ የለም፣ ወይም እጅግ ትንሽ ነው፣ ወይም ያለቦታው ይገኛል። እናት የልጇን አንገት ዳስሳ «እንቅርት የለበትም» ብላ ብትረጋጋ ቃሉን በትክክል ተረድታለች፤ የተሳሳተው ተርጓሚው ነው። ስለሆነም «ታይሮይድ ዕጢ» የሚለው ውሰት ከአገርኛው ስያሜ ይልቅ እውነቱን ይጠብቃል።

ሁለተኛው «የአእምሮ ዕድገት ውስንነት» ነው። ይህ ስያሜ ቀድሞ ከነበሩት አዋራጅ ቃላት እንደሚሻል አንክድም። ነገር ግን ውስንነት ውጤትን ይናገራል፤ ተርጓሚያን ግን ለምክንያቱም ይጠቀሙበታል። በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሌቮታይሮክሲን የተጀመረለት ሕፃን አብዛኛውን ጊዜ ከእኩዮቹ እኩል ያድጋል። ስሙ ፍርዱን አስቀድሞ ከሰጠ፣ ወላጅ ለመድኃኒት የሚቸኩልበት ምክንያት አይታየውም። «እክል» ግን ሊወገድ የሚችል መሰናክልን ያመለክታል። በእኛ አስተያየት ለምክንያቱ «የዕድገት እክል»፣ ለውጤቱ «ውስንነት» ተለይተው ቢሠራባቸው ይበጃል።

ሦስተኛው ሂፖካምፐስ ከተባለው የአንጎል ክፍል ጋር የተያያዘ ነው። ጆን ኦኪፍና ጆናታን ዶስትሮቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1971 በአይጥ ሂፖካምፐስ ውስጥ እንስሳዋ አንድ የተወሰነ ስፍራ ስትደርስ የሚነቁ ሕዋሳት መኖራቸውን ገለጹ፤ ኦኪፍም በ2014 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ። የታይሮይድ ሆርሞን እጥረት ይህንን ክፍል ይጎዳል፤ በጊዜ በታከሙ ሕፃናት ላይ እንኳ መጠነኛ የማስታወስ ድክመት ሊታይ እንደሚችል ጥናቶች አመልክተዋል። የዚህ ችሎታ ስም በአንዱ ትርጉም «የኅዋ ትውስታ»፣ በሌላው «የቦታ ትዝታ» ይባላል። የመጀመሪያው አንባቢን ወደ ከዋክብት፣ ሁለተኛው ወደ ናፍቆት ይወስደዋል። ትዝታ ያለፈውን በስሜት መመልከት ነው፤ ከትምህርት ቤት ወደ ቤት የሚያደርሰውን መንገድ ለይቶ መያዝ ግን ሌላ ነገር ነው። «ስፍራን የማስታወስ ችሎታ» ስንል ረዘመ የሚሉ አይታጡም፤ ይሁን እንጂ ጤና ሠራተኛው ለወላጅ ሲያነበው ተጨማሪ ማብራሪያ አይሻም።

ከእነዚህ ምሳሌዎች እንደምንረዳው፣ አገርኛ መሆንም ሆነ ማጠር ብቻውን ስያሜን አያጸድቅም። የሕክምና ስያሜ ሊመዘን የሚገባው የሰማው ሰው ቀጥሎ በሚያደርገው ነገር ነው፤ አቻ ቃል ፈላጊውም ይህን መመዘኛ ቢያስቀድም ሥራው ለቋንቋውም ለሕመምተኛውም ይጠቅማል።