ከጥሩምባው ሥር ያለ ጊታር

የካብ ካሎዌይን ጃዝ ባንድ የ1940ዎቹ መጀመሪያ ቅጂዎች ስሰማ ጆሮዬ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ዘፋኙና ወደ ትራምፔቶቹ ነው። ደግሜ ስሰማ ግን ከሁሉም ሥር፣ ከባሱና ከድራሙ መሀል፣ ደረቅ፣ እንጨት እንጨት የሚል ድምፅ አገኛለሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፤ በየምቱ አንድ ጊዜ። የዳኒ ባርከር ጊታር ነው። ከ1939 እስከ 1946 ድረስ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይህንኑ መታ፤ አጠገቡ የባስ ተጫዋቹ ሚልት ሂንተን ነበር።

ሥራው ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። ጊታሩ በኤሌክትሪክ አይታገዝም፤ የሚጮኸው በሆዱ ብቻ ነው። ቀኝ እጅ ክሮቹን ሲገርፍ የግራ እጅ ጣቶች ኮርዱን አጥብቀው ይይዛሉ፤ ድምፁ እንደወጣ ግን ክሩን ሳይለቁ ላላ ይላሉ። ያኔ ኮርዱ ይታፈናል። ጣቶቹ ከዘገዩ ድምፁ ወደሚቀጥለው ምት ይፈስና ባሱን ያደፈርሰዋል። ከፈጠኑ ደግሞ ዜማው ጠፍቶ ኳኳታ ብቻ ይቀራል። ትክክለኛው ቦታ የዓይን ጥቅሻ የምታህል ናት፤ ባርከር በየምሽቱ ሺህ ጊዜ ያገኛታል። ክራር በግርፍ የሚጫወት ሰው ይህን ሳይነግሩት ይገባዋል፤ የእሱም ግራ እጅ ዋና ሥራ የማይፈለገውን ክር ዝም ማሰኘት ነውና።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ አለመቸኮሉ ነው። ነፊዎቹ ሲግሉ ባንዱ በሙሉ ወደፊት መሮጥ ያምረዋል፤ ያ እጅ ግን ንቅንቅ አይልም። በ1945 በፒያኒስቱ ሰር ቻርልስ ቶምፕሰን ቀረጻ ላይ ሳክስፎን ነፊዎቹ ቻርሊ ፓርከርና ዴክስተር ጎርደን አዲሱን የቢባፕ ቋንቋ ሲናገሩ ከሥራቸው ጊታር የያዘው ባርከር ነው። ከላይ ያለው ሙዚቃ ሌላ ዘመን ሆኗል፤ አራቱ ምት ግን ያው አራት ምት ነው፣ ደግሞም አያረጅባቸውም።

ይህን እጅ ያገኘው ከቤት ነው። በ1909 ኒው ኦርሊንስ ውስጥ ሲወለድ አያቱ አይሲዶር ባርባሪን የኦንዋርድ ብራስ ባንድ ነፊ ነበሩ፤ አጎቱ ፖል ባርባሪን ደግሞ ስመ ጥር ድራመር ሆነ። ልጁ ክላርኔቱንም ድራሙንም ሞካክሮ ዩኩሌሌና ባንጆ ላይ ረጋ። በ1930 ኒው ዮርክ ሲገባ ጊታርን ያዘ። የኒው ኦርሊንሱ ፒያኒስት ጄሊ ሮል ሞርተን በስሙ አይጠራውም ነበር፤ «የአገሬ ልጅ» ነበር የሚለው።

ዘፋኝነቱ ዘግይቶ ነው ጎልቶ የወጣው። አስቀድሞ የሚያጅበው ሚስቱን ነበር፦ በዚያው በ1930 ያገባት ሉዊዛ፣ በመድረክ ስሟ ብሉ ሉ ባርከር፣ በ1938 ለዴካ የሙዚቃ ኩባንያ ስትቀርጽ ድምፅዋ ትንሽና ዝግ ያለ ነው፤ ቃሉን ሳትጮህ ታቀብላችኋለች። ባርከር ከኋላዋ የሚተውላትን ክፍተት አስተውሉ፤ ባዶውም የሙዚቃው አካል ነው። በእርጅናው ሴቭ ዘ ቦንስ የተባለውን አልበም ሲሠራ ያንኑ ክፍተት ለራሱ ተወ። ያረጀ ድምፁ ግማሹ ወግ ነው። ሐረጉን እንደ ጨዋታ ይጀምረዋል፣ ከምቱ ወደ ኋላ ይቀራል፣ አሁንስ ወደቀ ስትሉ ደርሶ ይይዘዋል። እጁ በዚህ ሁሉ መሀል ቦታውን አይለቅም። አፍ እየዘገየ እጅ እንዳይከተለው ማድረግ የዕድሜ ልክ ልምምድ የሚጠይቅ ነገር ነው።

በ1965 ወደ ኒው ኦርሊንስ ተመልሶ በጃዝ ሙዚየም ረዳት ኃላፊ ሆነ። የአያቱ ዓይነት ብራስ ባንድ በከተማው እየሳሳ፣ ወጣት እየራቀው ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከፌርቪው ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ጋር ሆኖ የሰፈሩን ልጆች በብራስ ባንድ ሰበሰበ። ልምምዱ በትንሹ ትራምፔተኛ በሊሮይ ጆንስ ወላጆች ጋራዥ ነበር። ዊንተንና ብራንፎርድ ማርሳሊስ፣ ድራመሩ ኸርሊን ራይሊ፣ ክላርኔት ነፊው ማይክል ኋይት በዚያ ባንድ አልፈዋል። ጥሩምባ፣ ትሮምቦን፣ ሱሳፎን፣ ከበሮ፤ ሁሉም እየተራመደ የሚጫወት። መሥራቹ ይዞት ላረጀው ጊታር በዚያ ሰልፍ ውስጥ ቦታ አልነበረም።