ወረቀቱ ሲሰደድ፣ አካሉ ሲቀር

ሥዕልን ሸራው፣ ቅኔን ብራናው ይጠብቀዋል፤ ዳንስ ግን ዳንሰኛው ከመድረክ ሲወርድ አብሮት የሚወርድ ጥበብ ነው። ታዲያ አንድ የባሌት ሥራ ከአገሩ ሲሰደድ የሚሰደደው ምኑ ነው? ለዚህ ጥያቄ «የተኛችው ውብ» ከተሰኘው ባሌት ታሪክ የበለጠ አስተማሪ ምሳሌ አላገኘሁም።

ሥራው በ1890 (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በፒተርስበርግ ማሪንስኪ ቴአትር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ ሙዚቃው የቻይኮቭስኪ፣ የዳንሱ ድርሰት የማርየስ ፔቲፓ ነበር። የቴአትሩ ሬዢሰር የነበረው ኒኮላይ ሰርጌየቭ ከአብዮቱ በኋላ አገሩን ለቆ ሲወጣ፣ ከሃያ በላይ ባሌቶች በስቴፓኖቭ የምልክት ስልት የተመዘገቡባቸውን ወረቀቶች ይዞ ወጣ። ዲያጊሌቭ በ1921 በለንደን ያቀረበው ዝግጅትም ሆነ የቪክ ዌልስ ባሌት በ1939 ያሳየው በእነዚህ ወረቀቶች የተደገፈ ነበር። በጦርነቱ ዘመን የጭፈራ አዳራሽ ሆኖ የቆየው የኮቨንት ጋርደን ቴአትር በ1946 ዳግም ሲከፈት፣ ማርጎት ፎንቴይን በመሪነት የደነሰችው ይህንኑ ባሌት ነው። እንግሊዞች ዛሬ የራሳቸው ቅርስ ያደረጉት ሥራ በከፊል ከአንድ ስደተኛ ሻንጣ የወጣ ነው ማለት ይቻላል።

ሰርጌየቭ በ1951 በኒስ ከተማ አረፈ፤ ወረቀቶቹም በ1969 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ እጅ ገቡ። በዚህ መካከል እናት ቴአትሩ ሥራውን አልረሳውም፤ እያደሰ ያስኬደው ነበር እንጂ። ሌላው ሰርጌየቭ፣ ኮንስታንቲን፣ በ1952 ባዘጋጀው ቅጂ በእጅ ምልክት ይነገር የነበረው የጥንቱ ትወና በአብዛኛው ተቆርጦ ዳንስ ተተካበት። በ1999 ግን ሰርጌይ ቪካሬቭ ከሃርቫርዱ መዝገብ ተነሥቶ የ1890ውን ዝግጅት ወደ ማሪንስኪ መድረክ መለሰው። በ1952ቱ ቅጂ ካደጉት መካከል ቅር የተሰኙ ነበሩ።

እዚህ ላይ ለማወደስም ሆነ ለማጣጣል መቸኮል አይገባም። መዝገቡ የእግርን እርምጃና የአቅጣጫን ለውጥ በጥንቃቄ ሲያሰፍር፣ ስለ ክንድና ስለ ጀርባ ግን በብዙ ቦታ ዝም ይላል። የዜማ ምልክት የተማረ ኢትዮጵያዊ ነገሩ አይጠፋውም፤ ምልክቱ ከመምህሩ አፍ ለሰማ ማስታወሻ ነው እንጂ ላልሰማ ዜማ አይሆንለትም። ስለሆነም ወረቀቱ ዝም ያለበትን የሞሉት፣ ከመምህር ወደ ተማሪ እየተላለፈ በዚያው በአገር ቤት የቆየው ትምህርትና እርሱን የወረሱት ዳንሰኞች ናቸው። በዚህም ሳቢያ ልብሱና የመድረኩ ሥዕል 1890ን ሲያስታውሱ፣ ወደ ላይ ከፍ ብሎ የሚነሣው እግር የዘመናችን ሆኖ ቀርቷል። ይህ የዝግጅቱ ጉድለት ነው፤ ነገር ግን ሐቀኛ ጉድለት ነው።

በእኔ አስተያየት የዚህ ታሪክ ቁም ነገር ሁለቱንም ወገን የሚገሥጽ ነው። ስደተኛው ወረቀቱን ባያድን ኖሮ የተቆረጠው ትወና ተመልሶ ባልታየ ነበር፤ እዚያው የቀሩትም ክንዳቸውን ባያሠለጥኑ ኖሮ ወረቀቱ የተመራማሪ መተዳደሪያ ብቻ ሆኖ በቀረ ነበር። «ሥራው ያለው እኔ ዘንድ ነው» ለማለት የሚበቃ ከሁለቱ አንድም የለም። ሻንጣችንን አጥብቀን ለያዝን ለእኛ ይህን መቀበል ቀላል አይደለም፤ ሻንጣው የሚከፈትበት ቀን ሲመጣ ግን የሚጠቅመን ይህን አስቀድመን ማወቃችን ነው።