የአሸንዳ ሥር ላቦራቶሪ ከመድረሱ በፊት

ከደባርቅ ወጥቶ ሊማሊሞን ቁልቁል የሚወርድን መንገደኛ፣ በየአፋፉ ቀይና ቢጫ አበባውን እንደ ችቦ ቀጥ አድርጎ የሚቆም ተክል ያጋጥመዋል። አሸንዳ ይሉታል፤ አበልቢላ የሚሉትም አሉ። ከኢትዮጵያ ውጭ በዱር አይበቅልም። ሥሩ ለሆድ ቁርጠት ይፈለጋል።

እኔ የዕፅዋት ኬሚስት ነኝ። በአገራችን መድኃኒት አዋቂውን «ሥር ማሽ፣ ቅጠል በጣሽ» ብሎ መናቅ የቆየ ልማድ ነው። የኔም ሙያ ሥር መማስ ስለሆነ ይህ ንቀት ያሳዝነኛል።

እ.ኤ.አ. በ1984 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ኤርሚያስ ዳኜ ከጀርመናዊው ቮልፍጋንግ ሽቴግሊሽ ጋር ከአሸንዳ አንድ አዲስ ውሁድ ለይተው አሳተሙ። ከተክሉ ሳይንሳዊ ስም ከክኒፎፊያ ተነሥተው ክኒፎሎን አሉት። አንትራኪኖን ከሚባሉት ባለቀለም ውሁዶች ወገን ነው። ዛሬም የአሸንዳን ሥር የሚመረምር ሁሉ መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው።

የምርመራው አሠራር ሲነገር ቀላል ነው። የደረቀው ሥር ይፈጫል፣ በሜታኖል ይዘፈዘፋል፣ ይጠለላል፤ ሜታኖሉ ሲተን ጥቁር ቡናማ ጭማቂ ይቀራል። ከዚያ ላይ ጠብታ ወስደን ሲሊካ በተለበጠ ሳህን ግርጌ እናሳርፍና ሳህኑን ጥቂት ፈሳሽ ውስጥ እናቆመዋለን። ፈሳሹ ሽቅብ ሲሳብ ውሁዶቹ በየደረጃቸው ተለያይተው ቢጫ ነጥቦች ይሆናሉ። ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ሲረጭባቸው አንትራኪኖኖቹ ወዲያው ይቀላሉ። ስንት ጊዜ ባየውም ይህ ቅጽበት ያስደስተኛል።

ግን ቅላቱ የሚናገረው ወገኑን ብቻ ነው። የመቅመቆ ሥርም ይቀላል፣ የቱልትም እንዲሁ፤ ክራይሶፋኖል የሚባለው አንትራኪኖን በሦስቱም ውስጥ አለና። ከገበያ ተገዝቶ የመጣ ሥር አሸንዳ መሆኑን ለማረጋገጥ ንጹሕ ክኒፎሎን ጎን ለጎን ማስኬድ ያስፈልጋል።

ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ አደራረቁ ነው። ሥሩ ውስጥ ከክኒፎሎን ሌላ አንትሮን የሚባሉ የቅርብ ዘመዶቹ አሉ። አየር፣ ብርሃንና ሙቀት ሲያገኛቸው ከኦክስጅን ጋር ተዋሕደው ወደ አንትራኪኖን ይለወጣሉ። ለውጡ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የክኒፎሎን አንትሮን በላቦራቶሪ የካንሰር ሕዋሳትን ሲገድል ኃይሉ ከክኒፎሎን በብዙ እጥፍ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2005 የአዲስ አበባና የኦስትሪያ ተመራማሪዎች በአሸንዳ ሥር ላይ ባወጡት ጥናትም፣ የወባን ተውሳክ አጥብቀው የገቱት አንትሮን የያዙ ጥንድ ሞለኪውሎች ነበሩ። እንግዲህ መድኃኒት አዋቂው ትኩሱን ሥር ተጠቅሞ እኛ በፀሐይ ላይ የሰነበተውን ብንመረምር፣ ያየነው እሱ የሚያውቀውን መድኃኒት አይደለም። «ምንም አላገኘንበትም» ከማለታችን በፊት ሥሩ የት እንደደረቀ መጠየቅ አለብን።

ሊማሊሞን ወርዶ ዛሬማ ሲደረስ ወባ አለ። ስለዚህ አንድ ነገር በግልጽ ልናገር፦ በብልቃጥ ውስጥ ተውሳክን መግታት ሰውን መፈወስ አይደለም፤ ሕዋስ የሚገድል ነገር የበሽተኛውንም ሕዋስ ሊገድል ይችላል። የወባ ትኩሳት የያዘው ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ እንጂ ሥር ቀቅሎ አይጠጣ።

ሌላው ጭንቀቴ ቁፋሮው ነው። ቅጠል የተቀነጠሰበት ተክል ያገግማል፤ ሥሩ ተነቅሎ የተወሰደበት ግን ያከትምለታል። ለሳህን ምርመራ ጥቂት ግራም ዱቄት እየበቃ ኩንታል ማስቆፈር ነውር ነው።

በጎንደርም በደባርቅም ዩኒቨርሲቲ ለመመረቂያ ጽሑፋችሁ ሥር የምትመረምሩ ልጆች፣ አደራ፦ ከጎኑ ትንሽ ብቻ ቆርጣችሁ ጉጡን መልሳችሁ ቅበሩት። የቆፈራችሁበትን ቦታ፣ ወሩንና ከፍታውን ጻፉ፤ አበባና ቅጠሉን አድርቃችሁ ለብሔራዊ ሄርባሪየም ስጡ። ሥሩን በጥላ አድርቁት፤ ከትኩሱም ጥቂት ከፍላችሁ በዚያው ቀን ሜታኖል ውስጥ ክተቱ። ተክሉን ያሳያችሁን ሰው ደግሞ ውጤቱን ይዛችሁ ተመለሱና ንገሩት።